እኔን ይዞ የሄደው ነጭ መኪና

ያኔ ካርቱም ገና ሰላም ነበረች። የምንኖረው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ እናቴ ልብስ ከምትሰፋበት ሱቅ ጀርባ ነው። ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ስለሆነ አፌን የፈታሁት በአረብኛ ነው ማለት ይቻላል። እናቴ ግን ቤት ውስጥ በአረብኛ ከመለስኩላት እንዳልሰማች ሆና ስለምታልፈኝ፣ እራት ለመብላትም ቢሆን አማርኛ መቻል ነበረብኝ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ድምፄ የማይሰማ ልጅ ነበርኩ። ሚኒባስ ውስጥ መውረጃዬ ሲደርስ "እዚህ ጋ" ማለት እያቃተኝ ስንት ጊዜ አልፌ ሄጄ፣ በዚያ ፀሐይ በእግሬ ተመልሻለሁ። እንዲህ ያለች ልጅ ፊልም ልትማር ምን አስገባት ብትሉኝ፣ ከካሜራ ጀርባ የሚቆም ሰው ብዙ መናገር የለበትም ብዬ አስቤ ነው።

አስተማሪያችን ኡስታዝ ከማል የመጨረሻውን የቤት ሥራ ሲሰጡን እንዲህ አሉ፤ "የልብ አንጠልጣይ ፊልም መክፈቻ ሠርታችሁ አምጡ። ሙሉ ታሪክ አልፈልግም፣ መክፈቻውን ብቻ። ያየው ሰው መተንፈሱን ይርሳ።"

ቡድናችን ሦስት ሰው ነበር። ሙኒር ሱዳናዊ ነው፤ ካሜራውም የእሱ፣ መኪናውም የአጎቱ ስለሆነ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው። ሳሙኤል እንደኔው ካርቱም ያደገ ሀበሻ፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው፣ በቤተክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ያለ፣ ሰው አንድ ነገር ከጠየቀው እምቢ ማለት የማይሆንለት ልጅ ነው። ሦስተኛዋ አዘጋጇ እኔ ሂሩት ነኝ።

ስናቅድ ሙኒር መኪና ይፈንዳ አለ። የማን መኪና እንደሚፈነዳ ስንጠይቀው ተወው። ሳሙኤል ደግሞ አፋኙ ልጅቷን ያፈነበት በቂ ምክንያት እንዲኖረው ፈለገ። በመጨረሻ የእኔ ሐሳብ አለፈ። ጭር ያለ መንገድ፣ ነጭ መኪና፣ እጇ የታሰረ የደማች ልጅ፣ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ክዳን ድርግም ሲል ጨለማ። አለቀ።

የደማችውን ልጅ የሚጫወት ግን ጠፋ። የክፍላችን ሴቶች ዕቃ መጫኛ ውስጥ ገብተው መተኛት እንዳለባቸው ሲሰሙ ሁሉም ፈተና አለብን አሉ። ሳሙኤልን ሞከርነው፤ አጣጥፈን ብናስገባውም እግሩ ውጭ ቀረ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አደረጉት።

ለቀረጻው ቡሪ የሚባለውን ሰፈር የመረጥነው የሙኒር አክስት እዚያ ስለምትኖር ነው። ከምሳ በኋላ ያለው ሙቀት ሰውን ሁሉ ቤቱ ሲያስገባው መንገዱ ባዶ ይሆናል። መኪናውን አንድ አረንጓዴ የብረት በር ፊት አቆምነው። ደሙ ካርካዴ፣ ያ ቀይ የአበባ ሻይ፣ ነበር። ሙኒር አክስቱን ለምኖ ወፍራም አድርጋ ከስኳር ጋር አፍልታልን ነበርና፣ ግንባሬን፣ አንገቴንና ነጭ ሸሚዜን ቀባኝ። አፌን የሚያስሩበት ደግሞ ከእናቴ ሳጥን ሳታውቅ ያወጣሁት ሻርፕ ነው።

ሳሙኤል እጄን ሲያስር ቀና ብሎ፣ "ጠበቀብሽ እንዴ?" አለኝ።

"ሳሚ፣ አፋኝ ነህ እኮ። አፋኝ አይጠይቅም።"

"እሺ፣ ይቅርታ።"

"ይቅርታም አይልም።"

ሻርፑን እንዲሁ በይሉኝታ ስላሰረው ክዳኑ ሲዘጋ አገጬ ላይ ወርዶ ነበር። መኪናው አሮጌ ነው፤ ከኋላ ወንበሩ በላይ ስፒከሩ ተነቅሎ የቀረ ቀዳዳ ስላለው አየርም ብርሃንም ትንሽ ትንሽ ይገባል። ለዚያ ነው የተስማማሁት። ዕቅዱም ቀላል ነበር። ክዳኑ ይዘጋል፣ ሳሙኤል ገብቶ መኪናውን እስከ ማዞሪያው ይነዳል፣ ያወጡኛል።

ክዳኑ ተዘጋ። ከዚያ የሙኒር ድምፅ መጣ፤ "የክዳኑ ጠርዝ ላይ ደም ቢኖር ያምራል። ሂሩት፣ አትንቀሳቀሺ፣ ደምሽ ይበላሻል። ከአክስቴ ጋ ካርካዴ ጨምሬ መጣሁ።" ሮጠ። ትንሽ ቆይቶ የአንዲት ሴት ድምፅ ከማዶ ቤት ሰማሁ። "ልጄ፣ አንተ ረጅሙ፣ ይህን የጋዝ ሲሊንደር ወደ ውስጥ ታስገባልኝ?"

ሳሙኤል ምን እንዳለ መናገር አያስፈልገኝም። እግሩ ሲርቅ ሰማሁት። ቁልፉ ማስነሻው ላይ እንደተሰካ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ፣ የመኪናው በር ተከፍቶ ተዘጋ። ሞተሩ ተነሣ።

"ሳሚ፣ ሙኒር መጣ?" አልኩ። መልስ የለም። መኪናው ተንቀሳቀሰ። "ቀስ በል፣ ማዞሪያው ጋ ታቆማለህ።" በዚያች በማትሰማ ድምፄ ስለተናገርኩ እኔው ነኝ የሰማሁት።

ማዞሪያውን ዞረን አላቆመም። ሳሙኤል ሚናው ውስጥ ገባ ማለት ነው አልኩና ደስም አለኝ። ኮረኮንቹ አልቆ አስፋልት ስንገባ፣ የሌሎች መኪኖች ጡሩንባ ዙሪያዬን ሲከበኝ ደስታዬ ቀነሰ። ከዚያ ራዲዮ ተከፈተና ሾፌሩ አብሮ መዝፈን ጀመረ።

ሳሙኤል ዜማ አይስትም። ይህ ሰው ዘፈኑን ከኋላ ከኋላ እያሳደደ ነበር የሚዘፍነው።

ስልኬ ሙኒር ጋ ነው። እጄ ታስሯል። ክዳኑ ከውስጥ አይከፈትም። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለቴ ነው፣ ለእድሳት ገብቶ ስላልወጣ ፖሊስ ቢይዘን እንኳ ማን ነሽ ብሎ ሲጠይቀኝ የማሳየው የለኝም። ከሁሉ በላይ ግን እናቴ መጣችብኝ። በእሷ ሐሳብ ያን ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበርኩ። ጸሎት ልጀምር አልኩና ጸሎቱ ሳላስበው ጩኸት ሆኖ ወጣ።

"እመቤቴ፣ ድረሺልኝ!"

በሕይወቴ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ድምፁ የእኔ መሆኑን ራሴም ተጠራጠርኩ። ራዲዮው ወዲያው ጠፋ። ዘፈኑ ቆመ። ሰውየው በዝቅታ ቁርአን መቅራት ጀመረ፤ እኔም ጂን መስዬው እንደሆነ ገባኝ።

ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ "አንተ ማነው?" አለ።

አማርኛ መስማቴ ይበልጥ አስደነገጠኝ። "ሴት ነኝ" አልኩ።

"እሺ። አንቺ ማነው?"

"ሂሩት እባላለሁ።"

"ሰው ነሽ?"

"ሰው ነኝ።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ ሰው ነኝ። ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነኝ።"

መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ቆመ። እግሩ በአሸዋ ላይ ሲመጣ፣ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ክዳኑ ተነሣ። ከብርሃኑ የተነሣ መጀመሪያ ያየሁት ጥላ ብቻ ነው። ከዚያ በዘይት የተበከለ የሥራ ቱታ የለበሰ፣ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው። እሱ ደግሞ ያየው እጇን የታሰረች፣ ከግንባሯ እስከ ሆዷ በደም የተነከረች ልጅ ነው።

ክዳኑን መልሶ ዘጋው።

ውጭ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ፣ "ያ ረብ፣ ያ ረብ" እያለ አምላኩን ሲጠራ ይሰማኛል። አንዴ እግሩ ራቀ። ሄደ፣ ትቶኝ ሄደ አልኩ። መኪኖች ያልፋሉ። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። ከዚያ እርምጃው ተመለሰ፣ ክዳኑም እንደገና ተከፈተ።

"አትፍሪ" አለኝ።

አወጣኝና እጄን ፈታልኝ። እኔም በአንድ ትንፋሽ ማስረዳት ጀመርኩ። "ፊልም ነው። ተማሪዎች ነን። ደሙ ካርካዴ ነው።"

"ካርካዴ ስትጠጪ ነው የመቱሽ?"

"አይደለም፣ ማንም አልመታኝም። ሳሙኤል ነው ያሰረኝ።"

"ሳሙኤል ማነው?"

"ጓደኛዬ።"

"ጓደኛሽ አሰረሽ?"

"እሰረኝ ብዬው ነው። እንዲያውም ጠበቀብሽ ወይ ብሎኛል።"

ሊያለቅስ ደረሰ። ጭንቅላቷን ተመትታ ትቀባጥራለች ብሎ እንዳዘነልኝ ከዓይኑ አየሁ። እንዲያምነኝ ብዬ እጄ ላይ ያለውን ካርካዴ ላስኩት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ስሙ ያሲን ነው። እናቱ ከጎንደር፣ አባቱ ሱዳናዊ፤ ሶባ በሚባለው ሰፈር የሃጅ ኢድሪስ ጋራዥ መካኒክ ነው። አማርኛው እናቱ ካረፉ ወዲህ የሚናገርበት ሰው አጥቶ የዛገ ነው። እኔን ካረጋጋ በኋላ ለራሱ ሲናገር የሰማሁት ነገር የባሰ ነበር። ሃጅ ኢድሪስ የላኩት "ቡሪ፣ አረንጓዴ በር ፊት ነጭ መኪና ቆሟል፣ ቁልፉ ላዩ ላይ ነው፣ ይዘህልኝ ና" ብለው ነው። ስለዚህ በእሱ ስሌት ደሜን ያፈሰሱት ሃጅ ኢድሪስ ናቸው፤ እሱም ሬሳ አመላላሽ ተደርጓል።

"ትናንት አሰግደውናል" አለ በአረብኛ። "ልጄ ስትወለድ ጆሮዋ ላይ አዛን ያሉላት እሳቸው ናቸው።"

ስልኩ ጮኸ። ሃጅ ናቸው። ስልኩን እንደሚነክስ ነገር ከራሱ አርቆ ያዘው፤ አላነሳም።

"ወደ ቡሪ መልሰኝ" አልኩት።

"ወደ አሰረሽ ሰው?"

ከእሱ ቦታ ሆኜ ስሰማው ትክክል ነበር። ያሲን፣ "ሃጅ ከሥራ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። ቢገድሉኝም ይግደሉኝ። መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ" አለ። ከፊት ወንበር አስቀምጦ፣ የቱታውን ጃኬት ከላዬ ጣል አድርጎ፣ "ሰዎቹ እንዳያዩሽ አንገትሽን ዝቅ አድርጊ" አለኝና በሶባ መንገድ ወደሚያውቃት ክሊኒክ ነዳ። በየመሀሉ "እንዳትተኚ፣ የደማ ሰው አይተኛም" እያለ ስሜን ይጠራኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ማስረዳቱን ትቼ ዝም ያልኩት ሰልችቶኝ ብቻ አልነበረም። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ አንድ ትልቅ ሰው ለእኔ ብሎ እንዲህ ሲፈራ አይቼ አላውቅም።

በመንገዱ ዳር ወዳለችው ወደዚያች ትንሽ ክሊኒክ ደግፎ አስገባኝ። ሲስተሯ ወፍራም፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ጥጥ በውሃ አርሰው ግንባሬን ጠረጉ። ቁስሉን ፈለጉ። ጥጡን አሸተቱ። ከዚያ ወደ ያሲን ዞረው፣ "ይህን የሠራው ማነው?" አሉ።

"ወንጀለኛ ነው" አለ ያሲን።

"ወንጀለኛ መሆኑን አላውቅም። ስኳር ግን አብዝቶበታል።"

ያሲን ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። "ሃጅ አልገደሉም?" አለ። "ማንንም አልገደሉም" አልኩት። ሳቀ፤ ግንባሩን ወለሉ ላይ አድርጎ አምላኩን አመሰገነ፤ ስልኩ እንደገና ሲጮህም በደስታ አነሳው።

የሃጅ ኢድሪስ ድምፅ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። "የት ነው ያለኸው? ባለ መኪናው ደወለ እኮ፤ ነጩ መኪና በእሱ አረንጓዴ በር ፊት እንደቆመ ነው!"

የያሲን ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ስልኩን ዘግቶ በመስኮት ውጭ ያቆመውን መኪና ተመለከተ።

"ይህ መኪና የማነው?" አለኝ።

"የሙኒር አጎት።"

"እንግዲያው የሰው መኪና ሰርቄያለሁ።"

"በስህተት ነው።"

"የሰው ልጅም ሰርቄያለሁ።"

ሲስተሯ ዞር ብለው ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ቡሪ ምን እየሆነ እንደሆነ ገና አሁን አሰብኩት። ስልኩን ተቀበልኩ። በቃሌ የማውቀው የእናቴን ቁጥር ብቻ ነው።

"እማ፣ ደህና ነኝ" አልኳት። ጥሪ በዚህ ዓረፍተ ነገር መጀመር እንደሌለበት ያን ቀን ተማርኩ። ደግሞም ሳሙኤል ቀድሞኝ ነበር። መዋሸት ስለማይችል በቀጥታ ደውሎ፣ "እትዬ ጽጌ፣ ሂሩትን አሥሬ መኪና ውስጥ ቆልፌባት ነበር፣ አሁን ጠፋች" ብሏታል። እናቴ የምታናግረኝ ከቡሪ፣ ከአረንጓዴው በር ፊት ነበር፤ ከኋላዋ የሰፈሩ ሕዝብ ድምፅ ይሰማል።

ያሲንን "መኪናውን እዚህ ተወው፣ እነሱ መጥተው ይወስዱታል፤ አንተ ሂድ" አልኩት። ጃኬቱን ለበሰና፣ "እኔ አመጣሁሽ፣ እኔ እመልስሻለሁ። ያላ" አለ።

ቡሪ ስንደርስ ጭር ያለው መንገዳችን የሠርግ ቤት ሆኗል። የተኛው ሁሉ ተነሥቷል። ወጣቶች ዱላ ይዘዋል። ሳሙኤል መሃል ላይ ቆሞ ለአንድ ፖሊስ እያለቀሰ ያስረዳል፤ የጋዝ ሲሊንደሩ ባለቤት ሴትየዋ ደግሞ፣ "ይህ ልጅ ሌባ አይደለም፣ እኔ ነኝ የጠራሁት" እያሉ እጁን ይዘውታል። ነጩን መኪና ሲያዩ ሕዝቡ እንደ ማዕበል መጣ።

እኔ ፊቴ ቢጠረግም ሸሚዜ እንዳለ ነበር። ከመኪናው ስወጣ ሴቶቹ ዋይታ አሰሙ። ወጣቶቹ ወደ ያሲን ዞሩ። አንዱ ከአንገቱ ላይ ያዘው። ያሲን አልታገለም፤ እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ ዓይኑ ግን እኔን ይፈልግ ነበር።

"ልቀቁት!" አልኩ።

እናንተ አልነበራችሁም እንጂ፣ መንገዱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። መካከላቸው ገባሁና ያሲን ፊት ቆምኩ። በአረብኛ ጀመርኩ፣ ስጣደፍ አማርኛ እየቀላቀልኩ፣ ካርካዴውን፣ ክዳኑን፣ ሃጅ ኢድሪስን፣ ሲስተሯን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ዱላ የያዘው ልጅ ከደብዳቢነት ወደ አድማጭነት ሲለወጥ አየሁት። ማንም "ድምፅሽን ጨምሪ" አላለኝም።

እናቴ ሰው እየገፋች መጣች። ጉንጬን፣ አንገቴን፣ እጄን ዳበሰች። ጣቷን ሸሚዜ ላይ ነክታ ቀመሰች። ከዚያ አገጬ ሥር ተንጠልጥሎ የቀረውን ጨርቅ ይዛ፣ "ይህ የእኔ ሻርፕ ነው?" አለች። በሰላም መመለሴን ያመንኩት ያኔ ነው።

ፖሊሱ ግን በቀላሉ የሚለቅ አልነበረም። "ሁሉም የፈለገውን ያወራል። ማስረጃ አለ?" አለ። ሙኒር ያን ጊዜ ነው ካሜራው ትዝ ያለው። ካርካዴ ሊያመጣ ሲሮጥ ሳያጠፋው፣ በግንቡ ጥግ እንደተተከለ ትቶት ሄዶ ነበር። ከፖሊሱ ጋር በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ተደፍተን አየን። ጭር ያለ መንገድ። የተዘጋ ክዳን። አንድ ቱታ የለበሰ ሰው እያፏጨ ይመጣል። በሩን ያያል፣ መኪናውን ያያል፣ "አረንጓዴ፣ ነጭ" ብሎ ለራሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ገብቶ የመኪናውን መስታወት ለቁመቱ አስተካክሎ ነድቶ ይሄዳል። መንገዱ ባዶ ይቀራል። ከዚያ ሳሙኤል ከማዶ ቤት እጁን እያራገፈ ይወጣና መኪናው የነበረበትን ቦታ ቆሞ ያያል። ረጅም ጊዜ ያያል። ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል፣ ከሥር የሚታይ መኪና ባይኖርም።

ፖሊሱ ደግመን እንድናሳየው ጠየቀ። ከዚያም ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። ያሲንን ከጀርባው መታ አድርጎ "ሂድ፣ ከአሁን በኋላ በርን ሳይሆን ሰሌዳን እይ" አለው። የእኔን ኢቃማ የጠየቀኝ ሰው የለም።

የተመረቅንበት ፊልም ያው ነው፤ የሳሙኤልን መጎንበስ ብቻ ቆረጥነው። ክፍሉ ሲመለከት በእውነት ትንፋሽ አልተሰማም። ኡስታዝ ከማል፣ "ይህን መኪና የሚነዳውን ሰው እንዲህ ተፈጥሯዊ እንዲሆን እንዴት አድርገሽ አለማመድሽው?" አሉኝ። ያሲን ተጋብዞ፣ ንጹሕ ጀላቢያ ለብሶ ኋላ ተቀምጦ ነበርና እጁን አነሳ። መብራቱ ሲበራ እንዳልተደሰተ አየሁ።

"ከዚያስ?" አለ።

"እዚያ ያልቃል፤ መክፈቻ ነው" አልኩት።

"ልጅቷስ? ውስጥ እንዳለች ትታችኋት ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ያንን ፊልም ሳቅድ ስለ ክዳኑ፣ ስለ ጥላው፣ ስለ ደሙ ቀለም ተጨንቄያለሁ፤ ውስጥ ስላለችው ልጅ አንድም ቀን አላሰብኩም። ራሴ ገብቼ ካልተኛሁበት በቀር አላስብም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራኋቸው ፊልሞች በሙሉ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ የሚጀምሩ ናቸው። ቤት ሠራተኞችን፣ ሻይ ሻጮችን፣ ከየቤቱ ጓዳ ድምፃቸው የማይሰማ ሴቶችን ካሜራ ፊት አስቀመጥኩና "ከዚያስ?" ብዬ ጠየቅኩ። ጦርነቱ መጥቶ እናቴና እኔ ከተማዋን ለቀን ስንወጣም ሥራዬ አልቀረም፤ ዛሬም የምበላው በዚህ ነው። ያሲንም ቤተሰቡን ይዞ በሰላም ወጥቷል። አማርኛው ተሻሽሏል፤ እናቴን "እትዬ" ይላታል፣ እኔን ግን አሁንም አልፎ አልፎ "አንተ" ይለኛል።

ሰዎች ይህን ታሪክ ሳወራ ስቀው ይጨርሱታል፤ እናንተም ብትስቁ ደስ ይለኛል። እኔ ግን እያሳቅኩ የማስበው አንዲት ነገር አለች። ያ ሰው መጀመሪያ አይቶኝ ክዳኑን ዘግቶት ነበር። እግሩ ሲርቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አለቃውን እየፈራ፣ እስር እየፈራ፣ ልጆች እያሉት፣ ቁልፉን ጥሎ ቢሄድ ማንም አይወቅሰውም ነበር። ባለፈው በስልክ ስናወራ፣ ምን አስበህ ነው የተመለስከው ብዬ ጠየቅኩት። ትልቅ ነገር ይነግረኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ፀሐዩ ከባድ ነበር" አለኝ። "ውስጥ ይሞቅሻል ብዬ ነው።"